ከጎሚስታው ጠይቁ፦ ሦስተኛ ወጥቶ ዋንጫ የሚበላው እንዴት ነው?

አዳማ ካለው ጎማ ቤት። በዚህ ወር የመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ቀን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? እኔ ሐዋሳ ባጃጅ ነው የምሠራው። ኅዳር 28 እሑድ ከጓደኞቼ ጋር አቶቴ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድምን የዓመቱን የመጨረሻ ውድድር አየን። ቨርስታፐን ከፊት ተነስቶ አንደኛ ጨረሰ። እኔም «ሻምፒዮን!» ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ዋንጫው የኖሪስ ነው አሉ፤ ሦስተኛ የወጣው! ተወራርጄ ስለነበር በማግስቱ አሞራ ገደል ወስጄ ለአራት ሰው ዓሣ ጥብስ ከፈልኩ። ብሩ አልቆጨኝም፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ያሸነፈው እያለ ሦስተኛው እንዴት ይሸለማል? እንዲህ ልብ የሚሰቅል የመጨረሻ ውድድርስ ከዚህ በፊት ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይዞህ። ቀድሞ ወንበር ላይ የወጣ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንም ለአባቶች ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ።

አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ ይይዛል። ሁለተኛው 18፣ ሦስተኛው 15፣ አራተኛው 12። እያለ ይወርድና አሥረኛው 1 ያገኛል። ይህ ከመጋቢት ጀምሮ ይደመራል፤ በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ. 2025) 24 ውድድር ነበር። አቡ ዳቢ ሲደርሱ ኖሪስ 408፣ ቨርስታፐን 396፣ የኖሪስ ባልደረባ በማክላረን ቡድን፣ ፒያስትሪ፣ 392 ይዘው ነበር። ቨርስታፐን 25 ጨምሮ 421 ገባ። ኖሪስ 15 ጨምሮ 423። በቃ፣ ሁለት ነጥብ። አሁን ጣትህን አውጥተህ ቁጠር፦ ኖሪስ አራተኛ ቢወጣ 420 ላይ ይቀር ነበር። ዓሣውን ጋባዥ ሳይሆን ተጋባዥ ትሆን ነበር።

ጓደኞችህ ቢያሸንፉም «ፈሪ ነው፣ ቆጥሮ ነዳ» ሳይሉት አይቀሩም። እዚህም ብለውታል። እኔ ግን በዚያ ቀን ከሁሉም ከባዱን ሥራ የሠራው እሱ ነው ባይ ነኝ። ቨርስታፐን የሚያጣው ነገር አልነበረውም፤ ይነዳል፣ ያሸንፋል፣ የቀረውን ይጠብቃል። ኖሪስ ግን በመጀመሪያው ዙር በገዛ ባልደረባው ተቀደመ። ከኋላ ሌክለርክ በፌራሪ ይተነፍስበታል። ከፊት ደግሞ የቨርስታፐን ባልደረባ ሱኖዳ መንገድ ሊዘጋበት እንደ ደነገጠ የጋሪ ፈረስ ግራ ቀኝ ይወላገዳል። ኖሪስ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ብሎ አለፈው። ዳኞቹ ነገሩን መረመሩ። እስኪወስኑ ድረስ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ኖሪስን ለቀቁት፤ ሱኖዳን 5 ሰከንድ ቀጡት። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ግማሹ ሰው «ኳስ አድርግልን» እያለ ነበር። አላዘንኩባቸውም፤ ሒሳቡን ላልያዘ ሰው መኪና ሲዞር ማየት ነው።

ኖሪስ እንደዚያ የተሳቀቀው ለምን ይመስልሃል? ዕዳ ነበረበት። ነሐሴ ላይ ሆላንድ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ እየሄደ መኪናው ዘይት አፍስሶ ቆመ። ያን ቀን ከፒያስትሪ 34 ነጥብ ወደ ኋላ ቀረ። ቨርስታፐንማ ከመሪው 104 ነጥብ ይርቅ ስለነበር ማንም አልቆጠረውም። ከዚያ ኅዳር ላይ ላስ ቬጋስ መጣ። ኖሪስ ሁለተኛ ገባ፤ ከውድድሩ በኋላ ግን ውጤቱ ተሰረዘ። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ ለእኛ ለጋራዥ ሰዎች ማለቴ ነው። በመኪናው ሆድ ሥር እንደ ጣውላ ያለ ሰሌዳ አለ። ውፍረቱ ተፍቆ ከ9 ሚሊሜትር በታች ከወረደ ውጤት የለም። መኪና ዝቅ ባለ ቁጥር መሬት ይጨብጣል፣ ይፈጥናል፤ አስፋልቱ ደግሞ ሆዱን ይፍቀዋል። ሱስታ ቆርጠው መኪና ዝቅ የሚያደርጉ የሰፈሬ ልጆች ይህን ሕግ ሳያነቡት ያውቁታል። ማርሚታቸው በየፍጥነት መቀነሻው ሲፋቅ እሰማለሁ። ኖሪስ በዚያች ሰሌዳ 18 ነጥብ ጣለ። ያቺ 18 ብትኖረው አቡ ዳቢ ላይ እየዘፈነ በነዳ ነበር።

ወደ ወንበርህ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2008 ብራዚል ውስጥ ማሳ የሚባል ሾፌር በአገሩ መሬት አሸንፎ መስመሩን አለፈ። በዚያች ሰዓት ሻምፒዮን ነበር። ቤተሰቡ ጋራዡ ውስጥ እየዘለለ ተቃቀፈ። ለዋንጫው የሚፎካከረው ሐሚልተን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ ሆኖ፣ የሚያስፈልገው አምስተኛነት ሆኖ፣ ስድስተኛ እየነዳ ነበር። ዝናብ መጣ። ግሎክ የሚባል ሾፌር የደረቅ መንገድ ጎማውን ሳይቀይር ቀርቶ መኪናው መንሸራተት ጀመረ። ሐሚልተን በመጨረሻዋ ኩርባ አለፈው። ዋንጫውን 98 ለ97 ወሰደ። የማሳ ሰዎች ከደስታ ወደ ለቅሶ የገቡት እንደተቃቀፉ ነው። ያንተ ዓሣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

የእኔ ቁስል ግን የ2021ዱ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 2014። የሐሚልተን ደጋፊ ነኝ፤ አልደብቅም። ያኔ እሱና ቨርስታፐን አቡ ዳቢ የገቡት እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ነው። ሐሚልተን እየመራ፣ ከ58ቱ ዙር 53ኛው ላይ ላቲፊ የሚባል ሾፌር ግድግዳ ገጨ። ሴፍቲ ካር ወጣ፤ አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ሁሉንም በዝግታ፣ ሳይቀዳደሙ የሚያስነዳው መኪና ነው። ሰው ሁሉ የተሰባበረውን መኪና ያያል፤ እኔ ጎማ አያለሁ። ሐሚልተን ከ14ኛው ዙር ጀምሮ ያልቀየረው፣ ነጭ መስመር ያለው ጠንካራ ጎማ ላይ ነው። ገብቶ ልቀይር ቢል ቨርስታፐን መሪነቱን ይወስድበታል፤ ውድድሩም በዚያው በሴፍቲ ካር ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ አልገባም። ቨርስታፐን ገባና ባለ ቀይ መስመሩን ለስላሳ ጎማ አሰረ።

በዚያው ሳምንት አንድ የተሳቢ ሾፌር ከጂቡቲ መንገድ በፊት እኔ ዘንድ ቆሞ፣ የኋላ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «አዋሽ ያደርሰኛል?» ብሎኝ ነበር። አውራ ጣቴን በጥርሱ መሃል ሰደድኩ። ጥፍሬ እንኳን አልተሸፈነም። «ቀስ ብለህ ከሄድክና የሚገፋህ ከሌለ ያደርስሃል» አልኩት። የፎርሙላ ዋን የደረቅ ጎማ ጥርስ የለውም፣ ልሙጥ ነው፤ ሲያረጅ ግን ያው መጨበጡን ይተዋል። ሐሚልተንም የሚገፋው ባይኖር ያደርሰው ነበር።

የውድድሩ ኃላፊ ማሲ በመሪው አንድ ዙር ወይም ከዚያ በላይ የተቀደሙትን መኪኖች በሙሉ አላሳለፈም፤ በሁለቱ መካከል የነበሩትን አምስቱን ብቻ አሳለፈ። ቨርስታፐን ከሐሚልተን ጭራ ላይ ተለጠፈ። አንድ ዙር ቀረ። እኛ ቤት መብራት ጠፋ!

ሠላሳ ሰው በአንድ አፍ ጮኸ። ልጁ የጄኔሬተሩን ገመድ ይስባል፣ ይስባል፣ እምቢ። ስክሪኑ ሲበራ ብርቱካናማ የለበሱት ደጋፊዎች እየጨፈሩ ነበር። ያቺን ቨርስታፐን የቀደመባትን አምስተኛዋን ኩርባ ያየኋት በማግስቱ በልጄ ስልክ ነው። 395.5 ለ387.5። በኋላ የውድድሩ የበላይ አካል ኤፍአይኤ ራሱ አጣርቶ የሰው ስሕተት ነበር አለ፤ ማሲም ከቦታው ተነሳ። ውጤቱ ግን ጸና። ይህን በጻፍኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል፤ ስለዚህ ወደ ሚቀጥለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዳማ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በ2021 ሁለቱ «369.5» ነበራቸው ይባላል። ግማሽ ነጥብ ከየት ይመጣል? እኩል ሆነው ቢጨርሱስ ዋንጫውን ይካፈላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ግማሿ የመጣችው ከቤልጅየም ዝናብ ነው። በዚያ ዓመት ስፓ ላይ ውሃው አላስነዳ ብሎ መኪኖቹ ከሴፍቲ ካር ኋላ ጥቂት ተሽከርክረው ገቡ። ነጥቡ ተገምሶ ተሰጠ፤ አንደኛው 25 በመውሰድ ፈንታ 12.5 ወሰደ። ዋንጫ አይካፈሉም፤ እኩል ከሆኑ ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ይወስዳል። ለዚህ ነው በ2021 ሁለቱም ከውድድር ቢወጡ ኖሮ ዋንጫው የቨርስታፐን ይሆን የነበረው፤ 9 ለ8 ይበልጠው ነበር።

ግማሽ ነጥብን አትናቂ። እ.ኤ.አ. በ1984 ላውዳ ፕሮስትን የበለጠው በግማሽ ነጥብ ነው፣ 72 ለ71.5። በዚያ ዓመት ሞናኮ ላይ ዝናብ ውድድሩን አስቆመና ያሸነፈው ፕሮስት በ9 ፈንታ 4.5 ተሰጠው። ውድድሩ ቢቀጥልና ሁለተኛ እንኳን ቢወጣ 6 ያገኝ ነበር። ደምሪው፤ ለሒሳብ አስተማሪሽም ወስደሽ ስጪው።

ጥያቄ፦ ከሞጆ ነኝ። ለስላሳ ጎማ ይፈጥናል ሲባል ሰማሁ። ለቪትዜ ባስገባስ?

መልስ፦ ተው። ያ ለስላሳ ጎማ አቡ ዳቢ ላይ 20 ዙር ቢሮጥ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ካንተ ቤት አዲስ አበባ ደርሰህ ሳትመለስ ደክሞታል። አንተ ጋ የሚታየው ሌላ ነው። የጎማህ ጎን ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ነው፣ በፈረንጆቹ። ጎንበስ ብለህ አንብበው። መጨረሻው 14 ወይም 15 ከሆነ ወደ እኔ ና፤ ግን በክፍያ መንገዱ አይደለም። በአሮጌው፣ ቀስ ብለህ።