ከርነል አፕግሬድ አርጋችሁ ኮምፒውተሩ አልነሳም ያላችሁ ጠይቁኝ

ሰላም የጎጃም ልጆች፣ ሰሞኑን ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሰራው ሲስተም፣ የሊኑክስ ዓይነት) አፕዴት አርጌ ላፕቶፔ አልነሳም አለ የሚል ጥያቄ በዝቷል፣ እስቲ ዛሬ የቻልኩትን ልመልስ። ከሁሉ በፊት ግን ፎርማት እንዳታደርጉ! ፋይላችሁ የትም አልሄደም፣ አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ከርነልም (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት) እዛው አለ። ስትጠይቁ ደግሞ «አልሰራም» ብቻ አትበሉኝ፣ ምን ብሎ የቱ ጋ እንደቆመ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አንብቡልኝ። ኮማንዶቹን በእኛ ፊደል ነው የምጽፈው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ታስገባላችሁ።

ከቡሬ፦ አፕዴት እያደረኩ መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ የሞተ ነው። መብራት ሲመጣ ባበራው «ከርነል ፓኒክ» ምናምን «አንኖውን ብሎክ ዜሮ ዜሮ» ብሎ ቀጥ አለ። ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎ ይሆን?

አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ የዲስክ መቃጠል አይመስልም። ከርነሉ ሲነሳ ዲስኩን የሚያገኝባቸውን ድራይቨሮች የያዘ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ፋይል አለ፣ አዲስ ከርነል በተጫነ ቁጥር ለሱ የሚሆን አዲስ ይሰራለታል። ያንተ ከርነሉ ከተቀመጠ በኋላ ፋይሉ ሳይሰራ ነው መብራት የጠፋው፣ ዜሮ ዜሮ የሚለውም ሲስተሙ ያለበትን ዲስክ ጭራሽ አላገኘሁትም ማለቱ ነው። አጥፍተህ አብራውና የኩባንያው ሎጎ እንዳለፈ ኢስኬፕን ነካ አርግ፣ ኮምፒውተሩ አሮጌ ሆኖ በባዮስ (በድሮው የማስነሻ ዘዴ) የሚነሳ ከሆነ ሺፍትን ተጭነህ ያዝ። ኢስኬፕን ደጋግመህ ከቀጠቀጥከው «ግራብ» (ሲበራ የትኛው ከርነል እንደሚነሳ የሚያስመርጠው ፕሮግራም) የሚል ባዶ መስመር ላይ ይጥልሃል፣ ያኔ ሳትደነግጥ አጥፍተህ እንደገና ሞክር። ሜኑው ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ግባና ቁጥሩ ዝቅ የሚለውን ከርነል ምረጥ፣ ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተህ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በል፣ የተቋረጠውን ጭነት ይጨርሰዋል። ቡት ፎልደር (ከርነሎቹ የሚቀመጡበት) ውስጥ ለአዲሱ ቁጥር «ኢኒትአርዲ» የሚል ፋይል ከሌለ «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ሲ -ኬ» ብለህ የከርነሉን ሙሉ ስም ጨምርበት፣ መጨረሻ ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ»።

ከደብረ ማርቆስ፦ የኔም እንደሱ ነው ግን ያልከውን ሳደርግ ቦታ የለም ይለኛል፣ ዲስኬ እኮ ግማሹ ባዶ ነው።

ስትጭነው ዲስኩ በፓስወርድ ይቆለፍ ብለህ ነበር አይደል? እንደዛ ከሆነ ቡት ለብቻው ትንሽዬ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ናት፣ የድሮ ከርነሎች ተጠራቅመው ሞልተዋታል፣ ሌላው ቦታ ባዶ መሆኑ አይጠቅማትም። «ዲኤፍ -ኤች» ስትል መቶ ፐርሰንት ታያለህ። መጀመሪያ «ዩኔም -አር» ብለህ አሁን የተነሳህበትን እወቅ፣ እሱን እንዳትነካ። ከዛ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ»። ፋይል በእጅ እየመረጡ መሰረዝ ግን አልወድም፣ ፓኬጅ ማኔጀሩ (ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያነሳው) አለ ብሎ የሚያስበው ነገር ሲጠፋ ሌላ ጣጣ ነው።

ከባህር ዳር፦ ሎጎው ይመጣና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ ነው። ጥገና ቤት ወስጄው ፎርማት ካልሆነ አይሆንም አሉኝ፣ የመመረቂያ ጽሁፌ ደግሞ እዛ ውስጥ ነው።

እህቴ ፎርማት ሳያደርጉት ቶሎ ከጥገና ቤቱ አውጪው! ያንቺ ከርነሉ ሳይሆን አይቀርም ተነስቷል፣ ስክሪኑን የሚያበራው ድራይቨር ነው የቀረው፣ ምክንያቱም የኤንቪዲያው ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚገጠመው የድራይቨሩ ክፍል) ለእያንዳንዱ ከርነል የሚሆን ለብቻው መኖር አለበት። ግራብ ሜኑ ላይ ኢ የምትለዋን ፊደል ተጫኚ፣ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» ጨምሪና ኤፍ 10፣ ለዛች አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰራው። ስትገቢ ጽሁፍሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪ፣ ከዛ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል»። ሴኪውር ቡት (ያልተፈረመ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክል ጥበቃ) የበራ ከሆነ ፓስወርድ አውጪ ሊልሽ ይችላል፣ ሪስታርት ሲሆንም ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ብዙ ሰው ፈርቶ የሚያልፈው እሱን ነው፤ «ኢንሮል» የሚለውን መርጠሽ ያንኑ ፓስወርድ ካላስገባሽ ድራይቨሩ ቢጫንም አይሰራም።

ከሞጣ፦ አያ የኔስ ተነስቷል፣ ዋይፋይ ብቻ ነው የጠፋው።

የዋይፋይ ካርድህ ብሮድኮም የሚባለው ነው ብዬ ልገምት፣ ከባህር ዳሯ ጋር ተመሳሳይ በሽታ ነው፣ ድራይቨሩ ለአዲሱ ከርነል አልተሰራለትም። ስልክህን በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያጋራውን) አብራ፣ በሱ ኢንተርኔት ድራይቨሩን እንደገና ጫነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ታዲያ አፕዴቱን ለምን እስከነአካቴው አናጠፋውም?

የሴኪውሪቲ ቀዳዳ የሚደፈነው በሱ ስለሆነ አይመከርም። ባትሪ የሌለው ሰው መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አይጀምር፣ የሚሰራ አንድ የድሮ ከርነልም ሁሌ ይኑራችሁ። የግራብ ሴቲንግ ፋይል ላይ ደግሞ «ታይምአውት ስታይል» የሚለውን ሜኑ፣ «ታይምአውት» የሚለውን 5 አርጉትና «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በሉ፣ በተነሳ ቁጥር ሜኑው 5 ሰከንድ ይታያችኋል፣ ኢስኬፕ መቀጥቀጥም ይቀራል።