ካርቱንና ሰዋስው፦ ጠይቁ፣ እንመልሳለን

ጥያቄ፦ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ይዤ ስገባ ተማሪዎቼ ይስቃሉ፣ ይወዱታል። ፈተና ላይ ግን ያው ናቸው። ለምን?

ምናልባት ገጸ ባሕርይው ጌጥ ብቻ ሆኖብሽ ይሆናል። መልመጃው ጥግ ላይ የተለጠፈ ድመት ሰዋስው አያስተምርም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ከትምህርቱ ጋር ያልተያያዘ ማራኪ ነገር መማርን እንደሚያደናቅፍ በጥናቶቹ አሳይቷል። እኔ አንድ ነገር ነው የማየው፦ ቃሉ ሲቀየር ሥዕሉም ይቀየራል ወይ?

ጥያቄ፦ እስቲ በምሳሌ።

«ድመቷ አይጧን አባረረቻት» ብለሽ ጻፊና ይሳሉት። ቀጥሎ «ን»ን ከአይጧ አንስተሽ ለድመቷ ስጫት፣ ቦታቸውንም ለዋውጪ፦ «አይጧ ድመቷን አባረረቻት»። አሁን ድመቷ ናት የምትሮጠው! ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ሳቁ ግን ከተሳቢው፣ ማለትም ድርጊቱ ከሚደርስበት ስም፣ የመጣ ነው። ከዚያ «አይጧን ድመቷ አባረረቻት» በያቸው። ብዙዎቹ የቃላቱን ቅደም ተከተል አይተው ሁለተኛውን ሥዕል ይጠቁማሉ። ትክክሉ የመጀመሪያው ነው። ሯጩን የሚወስነው «ን» እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባቸዋል። ለዚህ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ብትሰጪው አይቆጭሽም።

ጥያቄ፦ ቀጥተኛ ንግግርንስ?

ይሄ ቀላል ነው። ከገጸ ባሕርይው አፍ የሚወጣው ክብ ውስጥ ያለው ቀጥተኛ ንግግር ነው፦ «እመጣለሁ»። ክቡን አጥፍተው ወሬውን ለሌላ ሰው ያድርሱ፦ «እንደሚመጣ ተናገረ»። «እኔ» «እሱ» ሲሆን በዓይናቸው ያዩታል።

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ የቃል ክፍል ገጸ ባሕርይ ብሰጠውስ? አቶ ስም፣ ወይዘሮ ግስ...

ስም ብቻ ከሰጠኸው ልጆቹ የሚይዙት ስሙን ነው። ሥራ ስጠው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጀመረው ስኩልሀውስ ሮክ የተባለው የልጆች ትምህርታዊ ካርቱን መስተጻምርን (እንደ «እና» ያለውን አያያዥ ቃል) ያስተማረው ፉርጎ በሚያያይዝ የባቡር ሠራተኛ ነው። ሰውየው የሚሠራው መስተጻምሩ የሚሠራውን ነው። ደግሞ ተጠንቀቅ፦ «ደግ ሰው» ላይ ቅጽል የሆነው ቃል «ደጉ መጣ» ሲባል የስም ቦታ ይይዛል። ቋሚ ልብስ ያለበሱት ገጸ ባሕርይ እዚህ ላይ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ታዋቂዎቹን ካርቱኖች ልጠቀም? ሥዕል ላይ ዜሮ ነኝ።

ሁለት ክብና አንድ ጅራት ይበቃል። ታዋቂዎቹ የራሳቸውን ታሪክ ይዘው ስለሚመጡ ክፍሉ ስለ ፊልሙ ማውራት ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የሚሳሳት ገጸ ባሕርይ ቢኖረኝስ?

አሪፍ ነው፤ ልጆች ማረም ይወዳሉ። «ልጆቹ መጣ» ሲል ያርሙት፣ ለምን እንደተሳሳተም ይንገሩት። ስህተቱን ግን ሰሌዳ ላይ አታቆየው፤ የታረመው ብቻ ይቅር።