«ታካሚ ማናገርን በየትኛው ዓመት እናስተምር?» ላልሽው

እህቴ፣ የኮሚዩኒኬሽን ኮርሱ አንደኛ ዓመት ላይ ተሰጥቶ ተማሪዎቹ ለልምምድ ሆስፒታል ዋርድ ሲገቡ እንደሚረሱት ጽፈሽ፣ ወደ መጨረሻው ዓመት ይዛወር ወይ ብለሻል። ልደታ አካባቢ ነርሲንግ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ዓመቱን ማዛወር ብዙ የሚለውጥ አይመስለኝም። በየልምምዱ ይደገም፣ ያውም በአማርኛ።

ልጆቹ የሚማሩትም የታካሚውን የሕመም ታሪክ (ሂስትሪ) የሚጽፉትም በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲሏቸው ልብ ይሁን ጨጓራ ሳይጠይቁ የደረት ሕመም ብለው ይጽፋሉ። እኔ ዘንድ «እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» ሳይባል ብዕር አይነሳም።

ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ሁዳዴ ላይ አንዲት የስኳር ሕመምተኛ እናትን «ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ ይውሰዱ፤ ገባዎት?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ» አሉኝ። በወሩ ስኳራቸው ጨምሮ መጡ። የጠዋቱን አንድም ቀን አልወሰዱም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፣ እኔ ደግሞ ከምግብ በኋላ ብያለሁ። ያልኳቸውን ነው የፈጸሙት! ያን ቀን ያዘንኩት ሐዘን ዛሬም አለቀቀኝም። እናቶቻችን ባለሙያ ፊት «አልገባኝም» ማለት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ተማሪዎቼ «ገባዎት?» በማለት ፈንታ «እቤት ሲደርሱ ለልጅዎ እንዴት ብለው ይነግሯታል?» ይላሉ። ስለ ጾምም ሳይጠየቁ አስቀድመው ያነሳሉ።

ማዳመጥን በሰዓት አለማምዳቸዋለሁ። ቤክማንና ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ባወጡት ጥናት ሐኪሞች ታካሚውን በአማካይ 18 ሰከንድ ላይ ያቋርጡት ነበር። ልጆቹ ስልክ ይዘው እርስ በርስ ሲለካኩ የራሳቸውን ያያሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ክፉ ዜና መንገር ነው። ስፓይክስ የሚባለውን ባለ ስድስት ደረጃ መንገድ ድሮ አስሸምድድ ነበር፤ ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ ኮሪደር ላይ ቆመው ግን ለታካሚው «ካንሰር ነው» ይላሉ። አንድ ቀን «ሰፈራችሁ መርዶ እንዴት ይነገራል?» አልኳቸው። ሁሉም ያውቃል፦ ማን እንደሚናገር ተመካክሮ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ። መንገድ ላይ መርዶ የሚያረዳ የለም። የስፓይክስ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ቦታና ሰው ማዘጋጀት፣ ያኔ ገባቸው። ልዩነቱንም እነሱው አገኙት፤ መርዶ የሚረዳው ሰው ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ አይጠየቅም፣ ታካሚን ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። በር ላይ ይዞ «ለእናቴ እንዳትነግሯት» ለሚል ልጅ ምን እንደሚመለስ ብዙ ጊዜ እንለማመዳለን። መጀመሪያ እናትየዋን «ስለ ሕመምዎ ለማን እንድንነግር ይፈልጋሉ?» ማለት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ደግሞ ማርክ ያዢበት። ኦስኪ ላይ፣ ማለትም ከጣቢያ ጣቢያ (ስቴሽን) እየዞሩ በሚፈተኑት የተግባር ፈተና፣ ለንግግር ብቻ አንድ ስቴሽን ካልሰጠሽ ልጆቹ ትርፍ ነገር ይመስላቸዋል። ታካሚ ሆና የምትጫወተው ጡረታ የወጣች ነርስ ብትሆን ይሻላል፤ እኛ ጋ እሷም ማርክ ትሰጣለች። የማርክ መስጫ ቅጹ በአማርኛ ነው፣ ከፈለግሽ በውስጥ እልክልሻለሁ።