የቤታ ላክታሜዝ ማገጃ ከዕፅዋት ለምትፈልጊው፦ ከማንጠርሽ በፊት

እህቴ፣ የቅጠል ኤክስትራክትሽ ቴም-1 ቤታ ላክታሜዝን (ባክቴሪያ እንደ አምፒሲሊን ያለውን አንቲባዮቲክ የሚሰብርበትን ኢንዛይም) በናይትሮሴፊን (ሲሰበር ቀለሙ በሚቀየር ውህድ) ምርመራ ክፉኛ እንዳዳከመው ገልጸሽ "አሁን ወደ ኮለም ልግባ፣ ውህዶቹን ለይቼ ላንጥር?" ብለሻል። አትቸኩይ። ዶኪንግ (ሞለኪውል ኢንዛይሙ ላይ እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር መገመት) ሥሪ ያሉሽንም ለጊዜው ተያቸው፤ ምን እንዳለበት ያልታወቀ ድብልቅ ዶክ አይደረግም።

1. ባፈርሽ (50 ሚሊሞላር ፎስፌት፣ ፒኤች 7.0) ላይ 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ጨምሪና መልሰሽ ለኪ። ኤክስትራክት የሌለበት ኮንትሮል ላይም ጨምሪ። እገዳው ከጠፋ፣ ሞለኪውሎቹ ውሃ ውስጥ ተጠጋግተው ቅንጣት ሠርተዋል፤ ኢንዛይሙን የያዙት ላያቸው ላይ አጣብቀው ነው እንጂ አክቲቭ ሳይቱን (ሥራውን የሚሠራበትን ቦታ) የነካ ነገር የለም። የማስተርስ ተማሪ ጊዜና ሶልቨንት የሚባክነው እዚህ ነው። ወራት ፈጅቶ ታኒን የሚያነጥር ሰው በጣም ያሳዝነኛል! ታኒን ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይዞ ይዘቅጣል። ኤክስትራክቱን አስቀድመሽ ታኒን ከሚይዘው ከፒቪፒፒ ዱቄት ጋር በጥብጠሽ በሴንትሪፊውጅ ለዪው።

2. ናይትሮሴፊን ሲሰበር ከቢጫ ወደ ቀይ ይዞራል፣ የሚነበበውም በ486 ናኖሜትር ነው። ቡናማ ኤክስትራክትም እዚያው ብርሃን ይውጣል። ለእያንዳንዱ መጠን ኢንዛይም የሌለው ብላንክ ይኑርሽ፤ የመጨረሻውን ንባብ ትተሽ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ፍጥነት ውሰጂ።

3. ማነጻጸሪያሽ የታወቀው የቤታ ላክታሜዝ ማገጃ ክላቩላኒክ አሲድ ይሁን፤ ናይትሮሴፊኑ ከመግባቱ በፊት ከኢንዛይሙ ጋር 10 ደቂቃ ይቆይ። ወደ ኤንዲኤም-1 (ሌላ ዓይነት ቤታ ላክታሜዝ) ከተሻገርሽ ግን ክላቩላኒክ አሲዱ አይሠራም፣ ዚንክ የሚነጥቀውን ኢዲቲኤ ተጠቀሚ። ኤንዲኤም-1 ያለ ዚንክ ስለማይሠራ፣ ዚንክ የሚነጥቅ ፍላቮኖይድ (በዕፅዋት የሚበዛ ውህድ) ሁሉ ማገጃ ይመስላል። ዚንክ ሰልፌት ስትጨምሪ እገዳው ከቀነሰ ጠርጥሪ።

ይህን ሁሉ አልፎ ሕያው ባክቴሪያ ላይ ሲፈተን የሚወድቀው ደግሞ ይበዛል። የመድኃኒት ኩባንያው ጂኤስኬ አዲስ አንቲባዮቲክ ፍለጋ ከ1995 እስከ 2001 ድረስ 70 ማጣሪያ (ስክሪኒንግ) ሠርቶ ያገኘው 5 መነሻ ውህድ ብቻ ነው፤ ገንዘብም ባለሙያም አልጎደለውም። የኢ. ኮላይ የውጭ ሽፋን ብዙውን አያስገባም፣ የገባውንም ቶልሲ በተባለ የፓምፕ መውጫ በኩል ይተፋዋል። ቶልሲ የጎደለውን ዝርያ ከመደበኛው ጋር ጎን ለጎን ፈትሺ፤ ሁለቱም ቴም-1 የተሸከሙ ይሁኑ። በጎደለው ላይ ብቻ ከሠራልሽ ኢንዛይሙ ላይ አትድከሚ፣ ችግሩ መተፋቱ ነው።

አሠራሩ፦ ሙለር ሂንተን ብሮዝ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ)፣ በሚሊ ሊትር 500,000 ባክቴሪያ፣ 35 ዲግሪ፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት። አምፒሲሊን ለብቻው፣ ኤክስትራክቱ ለብቻው፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ። ኤክስትራክቱ ራሱ የሚገድል ከሆነ ውጤቱ ስለ ላክታሜዙ ምንም አይነግርሽምና በድብልቁ ውስጥ የራሱን ኤምአይሲ (ባክቴሪያው እንዳያድግ የሚያደርገውን ዝቅተኛ መጠን) ሩብ ብቻ አድርጊ። የአምፒሲሊን ኤምአይሲ ከ256 ወደ 128 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር መውረዱ በተራ ድግግሞሽም ይታያል፤ ቢያንስ 64 ካልደረሰ አትቁጠሪው።