«አበበ» ገብቶ «???» ለሚወጣብህ

ወንድሜ፣ አራት ኪሎ ላለው እድር የአባላት መዝገብ ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም እየሠራህ የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብህ አይደል? ዳታቤዙን አፍርሰህ እንደ አዲስ ከመጀመርህ በፊት እጅህን ሰብስብ።

1ኛ፦ ባክአፕ። ይሄን አላብራራም።

2ኛ፦ አንዱን ስም ሌንግዝ እና ካር ሌንግዝ በሚባሉት ፈንክሽኖች ለካው። የመጀመሪያው ባይት፣ ሁለተኛው ፊደል ይቆጥራል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ስልት፣ ማለትም ኢንኮዲንግ ነው) 3 ባይት ስለሚይዝ ደህናው «አበበ» 9 ባይት፣ 3 ፊደል ነው። 3 እና 3 ካለህ፣ ባይቱን በቁጥር የሚያሳየው የሄክስ ፈንክሽንም 3ኤፍ 3ኤፍ 3ኤፍ ካለህ፣ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው። አይመለስም፤ ከወረቀቱ መዝገብ እንደገና ጻፈው። 9 እና 9 ከሆነ ግን ደስ ይበልህ። ባይቱ ሙሉ ነው፣ ኮለሙ ብቻ ላቲን1 ተብሎ፣ ማለትም አማርኛ በማያውቀው የላቲን ፊደል ኢንኮዲንግ፣ ተመዝግቧል።

ሰው የሚሰበረው እዚህች ላይ ነው። «አልተር ቴብል፣ ኮንቨርት ቱ» በል የሚል ምክር የትም ሞልቷል። ያንን ስትሰጥ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ቆጥሮ ይተረጉመዋል፤ 9 ባይት የነበረው «አበበ» 20 ባይት ይሆናል። ይልቅ ኮለሙን መጀመሪያ ወደ ቫርባይነሪ፣ ቀጥሎ ወደ ቫርካር (የጽሑፍ ዓይነት) በዩቲኤፍ8ኤምቢ4፣ ማለትም በማይኤስኪውኤል ሙሉው ዩቲኤፍ8፣ ቀይረው። ባይነሪ ፊደል ስለማያውቅ ባይቱን ሳይነካ ያሳልፈዋል። አስቀድሞ 20 የሆነብህ ካለ መጀመሪያ ኮለሙን ወደ ላቲን1 መልሰህ ያንኑ መንገድ ሂድ።

ለወደፊቱ፦ በ«አልተር ዳታቤዝ» የዳታቤዙን ኢንኮዲንግ ብቻ ቀይሮ መተው አይበቃም፤ ነባሮቹ ቴብሎች እንደነበሩ ይቀራሉ። ኮኔክሽኑም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 መባል አለበት፣ በ«ሴት ኔምስ» ትእዛዝ ወይም በፕሮግራሙ የኮኔክሽን መስመር። በማይኤስኪውኤል 5.7 ሰርቨሩ ሳይነግሩት ላቲን1 ነው የሚይዘው፤ ከ8.0 ወዲህ ተስተካክሏል። ኤምቢ4 የሌለው «ዩቲኤፍ8» ግዕዙን ይችላል፣ ኢሞጂ ሲመጣ ይወድቃል። ፊደሉ ኮለሙ ውስጥ አይገባም የሚለው ስህተት 1366 ከመጣብህ ደግሞ አትናደድ። ይህን ስህተት የሚያወጣውን ጥብቁን ሁነታ (ስትሪክት ሞድ) ያጠፋኸው ዕለት ነው ሳይናገር የጥያቄ ምልክት የሚጽፍልህ።

ዝርዝሩን ከኤክሴል የምታስገባ ከሆነ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ8» ብለህ አስቀምጥ፤ ተራው ሲኤስቪ አማርኛውን እዚያው ያጠፋዋል። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች የጻፉት ከሆነማ ሌላ ጣጣ አለው፣ ዛሬም ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት ጽፈው ብር የሚቀበሉ አሉ። ፎንቱን ወደ ኤሪያል ቀይረህ እይ። ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ከተበተነ መጀመሪያውኑ አማርኛ አልነበረም፤ ለዚያ ፎንት የተሠራ መቀየሪያ ፈልግ እንጂ ዳታቤዙን አትነካካ።

ሁሉም ተስተካክሎ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው አባል «ሀይሉ» ሲባል ካልተገኘ ይሄ የኢንኮዲንግ ችግር አይደለም። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚመልስ ሁለተኛ የስም ኮለም ጨምርና ፍለጋውን በእሱ አድርገው።