ባዶ ቼክ ላይ አትፈርሚ

ጥያቄ፦ «በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሠራተኛ ማህበራችን ምርጫ ደርሷል። ልጆቹ ገንዘብ ያዥ ሁኚልን እያሉኝ ነው። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ የመዋጮውን ሒሳብ ሳያወራርድ ሥራ ለቆ ሄዷል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ከወዲሁ ‹እንዳንጉላላ ቼኮቹ ላይ ቀድመሽ ትፈርሚልኛለሽ› ብለውኛል። ቤተሰቦቼ ስምሽ ይጠፋል፣ ከሥራም ትባረሪያለሽ ይሉኛል። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ግቢበት። ሊቀመንበሩ ባሉት መንገድ ግን አይደለም።

መጀመሪያ የቤተሰቦችሽን ስጋት ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማህበር አባል መሆንም ሆነ የሠራተኛ ተወካይ መሆን ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ይህ ማለት ግን አለቃሽ ፊቱን አያጠቁርብሽም ማለት አይደለም። ሕጉ እንዳለ ሆኖ የመሥሪያ ቤት ሥራሽን ያለ እንከን ሥሪ።

የስምሽ ነገር ግን እውነተኛ ስጋት ነው። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ዲትሮይት አጠገብ ዋረን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ዩኤደብሊው የተባለው የመኪና ሠራተኞች ማህበር ቅርንጫፍ 412 አለው። የዚህ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ለዓመታት 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የአባላት ገንዘብ ወሰደ። ቁማርተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 4 ዓመት ከ9 ወር ተፈረደበት።

ኦዲት አልነበረም እንዳትዪ። ነበር። ግን ለኦዲተሮቹ የባንክ መግለጫ የሚያቀርበው ራሱ ገንዘብ ያዡ ነው፤ ያቀረበውም የተጭበረበረ ነበር። ኦዲተሮቹ ሊመጡ ሲሉ ደግሞ ገንዘቡን ከአንዱ አካውንት ወደ ሌላው ያዘዋውር ነበር። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። በየወሩ ከደመወዛቸው የሚቆረጥባቸው ሠራተኞች ሒሳባቸው የተመረመረ መስሏቸው ዓመታት ኖሩ።

የማህበሩ የበላይ አመራርም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት የቀድሞ የማህበሩ ፕሬዚዳንቶች የእስር ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። በካሊፎርኒያዋ ፓልም ስፕሪንግስ የተከራዩት ቪላ፣ ጎልፉ፣ ሲጋሩ ሁሉ መዝገቡ ላይ የስብሰባ ወጪ ተብሎ ነበር የሚጻፈው። እናንተም ጋ ከሁሉ አስቀድመሽ የሥልጠናና የውሎ አበል ሰነዶችን እዪ። የዩኤደብሊው አባላት ግን በዚያው በ2021 መጨረሻ ድምፅ ሰጥተው፣ ከእንግዲህ ፕሬዚዳንታችንን በተወካዮች ሳይሆን በቀጥታ ራሳችን እንመርጣለን ብለው ወሰኑ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ። ሒሳብ አውቃለሁ ብለሽ የድሮውን ቀዳዳ አትውረሺ። ያለ ርክክብ ቁልፍ አትቀበዪ። በባንክ ያለው ስንት ነው? ያልተወራረደው ስንት ነው? የትኞቹ የደረሰኝ ጥራዞች አልተመለሱም? ይህ ሁሉ ከነተራ ቁጥሩ በቃለ ጉባኤ ይጻፍና ለጠቅላላ ጉባኤው ይነበብ። የጎደለ ካለ ያንቺ ዘመን ከመጀመሩ በፊት እንደጎደለ ሁሉም ይወቅ።

ሌላው ያልጠቀስሽው ነገር አለ። የማህበሩን መዋጮ በሠራተኛው የጽሑፍ ጥያቄ ከደመወዝ ቆርጦ ወደ ማህበሩ የባንክ ሒሳብ የሚያስገባው አሠሪው ነው። አንቺ ደግሞ የአሠሪው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነሽ። ደመወዙን የምትሠሪው አንቺ ከሆንሽ ቆራጭም ተቀባይም ልትሆኚ ነው። ከመመረጥሽ በፊት ለአለቃሽ በደብዳቤ አሳውቂና የመዋጮውን ዝርዝር ሌላ ባልደረባ እንዲሠራው ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ለገንዘብ ያዥነት አትወዳደሪ፤ በሌላ የሥራ አስፈፃሚ ቦታ ግቢ።

የባንኩን መግለጫም አንቺ አታምጪው። የማህበሩ ሒሳብ መርማሪ ራሱ ከባንኩ ይቀበል። በየወሩ የገባውንና የወጣውን በአንድ ገጽ ጻፊና የሠራተኞች ክበብ በር ላይ ለጥፊው። መጀመሪያ ማንም አያነበውም ይሆናል። አንድ ቀን ግን አንዷ ክር ጠቅላይ መጥታ «ይሄ 4,000 ብር ለምን ወጣ?» ትልሻለች። ያን ቀን ደስ ይበልሽ።

ለሙያሽ? ይጠቅምሻል። ሳይወራረድ የቆየ ሒሳብ ተረክቦ ማስተካከል፣ ለጉባኤ ሪፖርት ማቅረብ፣ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ መቀመጥ፣ ሦስቱም ሲቪ ላይ ይጻፋሉ። ወደ ኦዲት ሥራ መግባት ከፈለግሽ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገሪው አታጪም።

ሊቀመንበሩ ምናልባት ክፋት አስበው ላይሆን ይችላል፤ ሩጫ በዝቶባቸው ይሆናል። በትሕትና እንዲህ በያቸው፦ «ተከፋዩና መጠኑ ሲሞላበት እፈርማለሁ። ማታም ቢሆን ይደውሉልኝ፣ እመጣለሁ።» እሺ ካሉ ተወዳደሪ። ከተቆጡ ደግሞ ማንንም በስም ሳትጠሪ በጉባኤው ላይ ተነሽና የቼክ አፈራረሙ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ በኋላ ብትመረጪም ባትመረጪም ያ ደንብ ማህበሩ ጋ ይቀራል።