አይጧ ስላልሞተች አትቸኩሉ

ልጆቼ፣

ከጥቁር አንበሳ ወጥቼ ወደ ቸርችል ጎዳና ስወርድ የመድኃኒት ቅጠል መርዛማ መሆኑን በአይጥ ላይ የምትፈትኑ አንዳንዶቻችሁን መንገድ ላይ አገኛለሁ። «ኤክስትራክታችን፣ ከቅጠሉ ያወጣነው ማለት ነው፣ ሴፍ ነው፤ በኪሎ 2,000 ሚሊ ግራም ሰጥተን አንዲትም አይጥ አልሞተችም» ትሉኛላችሁ። ደስታችሁ ይገባኛል። ግን ቶሎ አትደምድሙ።

በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 2,000 ሚሊ ግራም ማለት 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 50 ሚሊ ግራም ነው። እሱንም አንዴ ብቻ ትሰጡና 14 ቀን ትከታተላላችሁ። እናቶቻችን ግን ቅጠል አፍልተው ለሳምንት፣ አንዳንዴም ለወር ይጠጣሉ። ስለዚህ 28 ቀን፣ ሲቻል 90 ቀን በየዕለቱ ሰጥታችሁ ጉበቱንና ኩላሊቱን እዩ። ኮሶን አስቡት። ለትሉ ፍቱን ነው፤ ልኩ ሲያልፍ ግን ዓይን ይጎዳል።

ስለ እጃችሁም ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ አንዲት ነጭ አይጥ ማጅራቷን ይዤ ኤክስትራክቱን ጨጓራዋ ውስጥ የሚያደርሰውን ቱቦ በአፏ አስገባሁ። ትንሽ እምቢ አለኝ። ገፋሁት። ሲሪንጁን ስጫነው እጄ ላይ ተንፈራገጠች፣ በአፍንጫዋ አረፋ ወጣ፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ደብተሬ ላይ «መርዛማ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ ምንም ሳይሉኝ አይጧን ከፈቷት። ጨጓራዋ ባዶ ነው። አረንጓዴው ፈሳሽ ሳንባዋ ውስጥ ነበር። ቅጠሉ አልነበረም የገደላት፣ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ቱቦው እምቢ ካለ አውጡት፣ እንደገና ጀምሩ። የሞተችውንም ሳትከፍቱ ምክንያት አትጻፉ።

ከሰጣችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን አራት ሰዓታት ከጎናቸው አትጥፉ። ፀጉሯ የቆመ፣ ጥግ ይዛ የተኮራመተች፣ ምግብ የተወች አይጥ እየነገረቻችሁ ነው። ስቃይዋ ከበረታ ሞቷን አትጠብቁ፤ ሳትሠቃይ እንድታርፍ አድርጉ።

ደግሞ የምትፈትኑት ሕዝቡ የሚጠጣውን ይሁን። እናታችሁ በውኃ የምታፈላውን ቅጠል እናንተ ሜታኖል በሚባል አልኮል ከዘፈዘፋችሁት የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። በውኃ የፈላውንም ለብቻው ፈትኑት።

ከመርካቶ በስሙ ብቻ የተገዛ ቅጠል ይዛችሁም አትጀምሩ። አንድ ስም በየአገሩ የተለያየ ተክል ይጠራበታል። ተክሉ ካለበት ሄዳችሁ ቅርንጫፉን ከነአበባው ቁረጡ፣ በጋዜጣ መሃል አድርቁት፣ የደረቁ ተክሎች ናሙና ለሚቀመጥበት፣ አራት ኪሎ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ስጡ። የናሙናውን ቁጥር ስትቀበሉ ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።